ኦዋይን ግሊንዱር ዐመፀ ወይስ ሸፈተ?

ጥያቄ፦ ስለ ዌልሱ ኦዋይን ግሊንዱር አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሣውን ነገር «አመጽ» ልበለው? ጓደኛዬ «ሽፍትነት» በለው አለኝ። «አመጽ» የሚጻፈውስ በየትኛው «ጸ» ነው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። በዐይኑ «ዐ»ና በፀሐዩ «ፀ» ነው፤ «ዐመፅ»። ፊደሉ ምን ለውጥ ያመጣል የሚሉ አሉ። ሥሩን ያስጠፋላ! በግእዝ «ዐመፀ» ማለት ግፍ ሠራ፣ በደለ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችንም «ዓመፃ» ሲል ግፍንና በደልን ነው የሚለው።

በዚህ ፍቺ ከሄድን ታዲያ ዐመፀኛው ማን ነው? የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 4ኛ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1401 እና በ1402 ያወጣውን ሕግ ይዩልኝ። ዌልሳዊ እንግሊዝ ውስጥ መሬት እንዳይገዛ፣ ከተማ ውስጥ መሣሪያ እንዳይይዝ፣ ሹመት እንዳያገኝ። እንግሊዛዊ በዌልሳዊ ክስ እንዳይፈረድበት። ዌልሳዊት ያገባ እንግሊዛዊ እንኳ ከሹመት ታገደ። ግእዝ ዐመፃ የሚለው ይህንኑ ነው። ዌልሶች ራሳቸው ቃላቸው «ጉርትረቨል» ነው፤ «ጉርት» ተቃራኒ፣ «ረቨል» ጦርነት። በደለኛ የሚል ፍርድ የለበትም።

የጓደኛዎ «ሽፍትነት» ብዙ ሰው ያስቆጣል። ሽፍታ ወንበዴ ነው ይሉናል። እኔ በፍጹም አልስማማም። በእኛ ልማድ የተበደለ ባላባት «ሸፈተ» ቢባል ስሙ አይጎድፍም፤ ካሳ ኃይሉ ቋራ ሸፍቶ ነው ዐፄ ቴዎድሮስ የሆነው። ኦዋይንም ለንደን ሕግ የተማረ፣ ለእንግሊዝ ንጉሥ የዘመተ ባላባት ነበር። ከጎረቤቱ ከሪቲኑ ጌታ ከሬጂናልድ ግሬይ ጋር በመሬት ተጣላ። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1400 ተከታዮቹ የዌልስ ልዑል አሉት፤ ወዲያው ሄዶ ሪቲንን አቃጠለ። ይህ ሸፈተ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ግን ቃሉ እስከ መጨረሻ አያዛልቅም። በ1404 ማኸንሌት በምትባል የዌልስ ከተማ ፓርላማ ሰበሰበ፣ ከፈረንሳይ ጋር ውል ተዋዋለ። በ1406 ለፈረንሳዩ ንጉሥ በጻፈው ደብዳቤ ለዌልስ ሁለት ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዙ ሊቀ ጳጳስ መንበር ከካንተርበሪ የተላቀቀ ቤተ ክርስቲያን እንደሚፈልግ ገለጸ። ፓርላማ ያለውን ሰው ሽፍታ አንለውም። በ1409 የሃርሌኽ ግንብ በእንግሊዞች እጅ ሲወድቅበት ግን ወደ ተራራው ተመለሰ፤ እጁም ሳይያዝ ቀረ። «ሸፈተ» የሚለው ግስም አብሮት ይመለሳል።

ዛሬ «ሕዝባዊ አመጽ» ሲባል ነቀፋ የሚሰማው ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ጋዜጣውም ሬዲዮውም ይለዋል። ሳልወድ እቀበለዋለሁ። ስለዚህ ርእስዎ «የኦዋይን ግሊንዱር ዐመፅ» ቢሆን ስሕተት አልልም። ውስጡን ሲጽፉ ግን ለ1400 «ሸፈተ»፣ ለ1404 «መንግሥት አቆመ» ይበሉልኝ። «ዐመፀ»ን ለሕግ አውጪዎቹ ይተዉላቸው።