ከደጀን ቁልቁለት የተነሣችው ጥምዝ ድንጋይና የዳይኖሰር ጥያቄ

ወንድማችን፣ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርድ ከመንገድ ዳር ያነሣሃት፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለችው ድንጋይ የዳይኖሰር ናት ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይደለችም። እንዲህ ክብ ሠርታ የተጠቀለለችና ጎድን መሳይ መስመር ያላት አሞናይት ናት፤ የባሕር እንስሳ ዛጎል። ይህን ስል ግኝትህን አሳንሼ አይደለም። ዛሬ ጤፍ የሚዘራበት አገር ሥሩ የባሕር ወለል እንደነበረ የምትመሰክር ናት።

በአባይ በረሃ ከድንጋዩ መልክ በፊት የወጣበትን ንብርብር ማወቅ ይበልጣል። ከወንዙ ተነሥተህ ወደ ላይ ቁጠር። የታችኛው አሸዋ ድንጋይ ወደ 300 ሜትር ይወፍራል፤ ወንዞች ያስቀመጡት ነውና ድንጋይ የሆነ እንጨት ሊገኝበት ይችላል። ቀጥሎ ወደ 450 ሜትር የሚደርስ የታችኛው በሃ ድንጋይ፣ ባሕሩ ሲደርቅ የቀረው ጂፕሰም፣ ከዚያ ወደ 400 ሜትር ገደማ የላይኛው በሃ ድንጋይ ይመጣል። ዛጎል በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው። ከእሱ በላይ ያለው 280 ሜትር ያህል ጭቃ ድንጋይና አሸዋ ድንጋይ ባሕሩ ከሸሸ በኋላ በወንዝና በጎርፍ የተጣለ ነው። የብስ እንስሳ የምትፈልግ ከሆነ ዓይንህን እዚህ ላይ ጣል።

ከሁሉም በላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ነው፤ ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት። ዳይኖሰሮች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለሆነ ከጥቁር ድንጋዩ ውስጥ ሊገኙ አይችሉም። ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ላይ ጉድጓድ ሲቆፈር «የዳይኖሰር አጥንት ወጣ» ከተባለ አትመን። በላቫዎቹ መካከል የተቀበረ ደለል ካለ ግን የኋለኛ ዘመን አጥቢ እንስሳ ሊኖር ይችላል፤ ጎንደር ጭልጋ ላይ 27 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የዝሆን ዘመዶች የተገኙት በዚህ ዓይነት ደለል ነው።

እስካሁን የሚጠቀሰው የዳይኖሰር ግኝት ከማዶ፣ ከሸዋ በኩል ከጀማ ወንዝ ሸለቆ ነው። ንብርብሩ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ይባላል፤ ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርስ ከኤሊ፣ ከአዞና ከዓሣ ቅሪት ጋር ተገልጿል፤ በ2007 ደግሞ የአንድ ጥንታዊ አጥቢ እንስሳ ጥርስ። አባይ ሸለቆውን የቆረጠው እነዚህ ሁሉ ከተነባበሩ በኋላ ስለሆነ በጎጃም በኩል ያለውን የላይኛውን አሸዋና ጭቃ ድንጋይ በጥንቃቄ መፈተሽ ከንቱ ልፋት አይደለም። ግዙፍ አጽም አትጠብቅ፤ ጥርስ ከአጥንት ይጠነክራልና ጎርፍ ካንከባለለው በኋላም የሚተርፈው እሱ ነው።

አጥንት የመሰለ ነገር ካየህ የተሰበረውን ጎን በማጉያ መነጽር ተመልከት። አጥንት ከውስጥ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ተራ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ወጥ ነው። ምላስ ላይ መጣበቁን የሚሞክሩ አሉ፤ ሸክላ አፈርም ስለሚጣበቅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በድንጋይ ስንጥቅ ላይ ቅጠል የሚመስለው ጥቁር ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ማንጋኒዝ ነው።

ትልቁ ስሕተት ያገኙትን ከቦታው ማንሣት ነው። ከገደል የተናደ ድንጋይ ከታችኛው ንብርብር ላይ ያርፋል፤ ከየት እንደወደቀ ካልታወቀ ዕድሜውም አይታወቅም። ስለዚህ ሳትነካው አጠገቡ ብዕር ወይም ሳንቲም አስቀምጠህ ከቅርብ ፎቶ አንሣ፤ ሁለተኛውን ራቅ ብለህ ገደሉ በሙሉ እንዲታይ አድርገህ። የጂፒኤስ ቁጥሩን፣ ከላይና ከታች ያለውን የድንጋይ ዓይነትና ቀለም ጻፍ። አትጠበው፤ ጭቃ ድንጋይ ውኃ ሲነካው አብጦ ይፈረካከሳል፣ አጥንቱንም ይዞት ይሄዳል። ቫርኒሽና ሙጫም አትቀባ፤ ለላቦራቶሪ ምርመራ እንቅፋት ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን መነገር አለበት፤ ቁፋሮም ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ቅርብ የሚሆንልህ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። በዋሻ ውስጥ አጥንት ካየህ የሰው ዐፅም ሊሆን ይችላልና ለአካባቢው ሽማግሌዎችና ካህናት ሳትነግር አትጠጋው።

ለመውረድ ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል፤ ሣሩም ይደርቃል፣ የበረሃው ሙቀትም ገና አይበረታም። ለአንድ ሰው ቢያንስ 4 ሊትር ውኃ ይዘህ በጠዋት ውረድ፤ ከቀትር በኋላ ያለው ዳገት ነውና ጉልበትህን ለእሱ አስቀር።