ደሴ ለምን «ደሲ» ተብላ ተጠለፈች?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከወሎ የደረሱንን፣ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ቡድኖችን አርማና መለያ የሚመለከቱ ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ ቡድናችን ማሊያው ላይ የሚለጥፈው የተቋሙን ክብ አርማ ነው። መካከሉ ላይ መጽሐፍ፣ ማርሽ፣ ተራራና የቡና ቅርንጫፍ አለ። ዙሪያውን ደግሞ ስሙ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ወረቀት ላይ ያምራል፤ ደረት ላይ ሲጠለፍ ግን የተፈጨ ነገር ይመስላል። ይባስ ብሎ «ደሴ» የሚለው «ደሲ» ሆኖ ወጣ። ጥፋቱ የጠላፊው ነው የአርማው?
— የቡድን መሪ፣ ከደሴ

መልስ፦ ጠላፊውን አይውቀሱት። «ሴ»ን ከ«ሲ» የምትለየው እግሯ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። ፊደሉ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቀለበቷ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ የተለመደው የጥልፍ ክር ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። መርፌው ግራና ቀኙን ሲሰፋ ለቀዳዳዋ ቦታ አይተርፍም። ቀዳዳው ሲደፈን ቀለበቷ ጭረት ትሆናለች፣ ጭረት ያላት «ሴ» ደግሞ «ሲ» ናት።

ፊደሉ ለምን 5 ሚሊ ሜትር ላይ እንደወደቀ ማስላት ይቻላል። ደረት ላይ የሚቀመጥ አርማ ብዙውን ጊዜ 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ጽሑፉ የሚዞርበት ክብ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ስለሚል ዙሪያው 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ግማሹን ለእንግሊዝኛው ሲሰጡት ለአማርኛው ዘጠኝ ተኩል ይቀራል። ስሙ 15 ፊደል ቢሆን ለእያንዳንዱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሰዋል፤ በመካከል ያለው ክፍተት ሲቀነስ ለፊደሉ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይቀራል። የላቲን ፊደል በዚህ ልክ እንደምንም ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን የሚለየው በትንሽ እግርና ቀለበት ስለሆነ ከ8 ሚሊ ሜትር በታች ባይጠለፍ ይሻላል፤ 10 ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

መፍትሔው ሁለቱን ሥራ መለየት ነው። ክቡ አርማ ለዲፕሎማና ለማኅተም ይቆይ። ለስፖርቱ ከእሱ የወጣ፣ የተቀነሰ ምልክት ይሠራ። ከአራቱ ሥዕሎች አንዱን ብቻ ያስቀሩ። እኛን ቢጠይቁን ተራራውን እንላለን፤ መጽሐፍና ማርሽ የማንኛውም ትምህርት ቤት ናቸው። ተራራውም ቢሆን ዝም ብሎ ሦስት ማዕዘን ከሆነ የማንም ነው። የጦሳን ተራራ ከታወቀ አንድ ቦታ ፎቶ አንስተው የጫፉን መስመር በላዩ ላይ ይሳሉ፤ የደሴ ልጅ ሲያየው ያውቀዋል። ዙሪያውን ያለውን ጽሑፍ ያንሱትና ስሙን ከሥር በአንድ መስመር ወይም ከአንገት ጀርባ ያድርጉት። ከመስመሮቹ አንዱም ከ1 ሚሊ ሜትር አይቅጠን፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም እንዲሁ። የክሩ ቀለም ከሦስት አይለፍ። በፊደል የሚሠራ ምልክት ከመረጡና «ወ»ን ከወሰዱ፣ ሁለቱ ቀዳዳዎቿ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍት ይሁኑ፤ አለዚያ ከሩቅ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ ትሆናለች።

አንድ ነገር እንጨምር። ስስ የፖሊስተር ማሊያ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥልፍ ጨርቁን ይሸበሽበዋል፤ ደረት ላይም እንደ ካርቶን ይደርቃል፣ ተጫዋቹንም ይፈገፍገዋል። ጥልፉን ለቱታና ለኮፍያ ይተዉት። ለመጫወቻ ማሊያ በሙቀት የሚለጠፍ ምልክት ይበቃል። ማሊያው ላይ የግድ ጥልፍ ይሁን ከተባለ ለብቻው ጠንከር ባለ ጨርቅ ላይ ተጠልፎ ይሰፋበት። ሁሉንም ከማዘዝዎ በፊትም በዚያው ጨርቅ ላይ አንድ ናሙና ያስጠልፉ።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ግቢ በአዲሱ አርማ አልስማማ ብሎ የራሱን ቀለም ይዞ ሊመጣ ነው። አርማ እንዲህ የሚያጣላ ነገር ነው እንዴ?
— ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ የተጣላችሁት ከሜዳው ማዶ በማይታይ ነገር ነው። ከ60 ሜትር የታየ የ7 ሴንቲ ሜትር አርማ፣ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት በያዛችሁት ወረቀት ላይ ካለ የግማሽ ሚሊ ሜትር ነጥብ አይበልጥም። የጀርባው ቁጥር 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እንኳ በዚሁ ስሌት 2 ሚሊ ሜትር ነው። ተመልካቹ ቡድኑን የሚለየው በቀለሙና በማሊያው አጠቃላይ ንድፍ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀለሙን፣ ቀጥሎ ንድፉን (የትከሻ መስመር፣ አግድም ሰንበር)፣ ከዚያ ቁጥሩን፣ በመጨረሻ አርማውን ወስኑ።

የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1938 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑን ቆብ ፊት ላይ የክንፍ ቅርጽ አስቀባ። ዛሬም ያው ክንፍ አለ፤ አንድ ፊደል ሳይጻፍበት የማን ቆብ እንደሆነ ይታወቃል። እናንተም ቀለሙና ንድፉ አንድ ሆኖ ልዩነቱ እጅጌው ጫፍ ላይ ባለ ቀጭን መስመር ቢሆን ሁለቱም ግቢ ሳይከፋው ያልፋል።

የቀለም ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም። «ቀይ» ብቻ ብላችሁ ካዘዛችሁ ከሦስት ሱቅ ሦስት ዓይነት ቀይ ይመጣል። የሁለቱ ግቢ ማሊያ ከአንድ ጥቅል ጨርቅ ይቆረጥ፤ ቁጥር ያልታተመባቸው ሦስት አራት ትርፍ ማሊያዎችም ከዚያው ይዘጋጁ። ከጨርቁ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ብርሃን የማይገባው ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ፤ የዓመቱ ትዕዛዝ በዚያ ይመዘናል። የፓንቶን ቁጥሩንም (አንድን ቀለም በትክክል የሚለይ የቀለም መደብ ቁጥር ነው) ጻፉት፣ ግን በጨርቅ ላይ የሚሠራው የፓንቶን መደብ ከወረቀቱ የተለየ መሆኑን አትርሱ። ሁለተኛ መለያም ያስፈልጋችኋል፤ የእግር ኳስ ሕግ 4 ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርስም ከዳኞችም በቀለም እንዲለዩ ያዝዛል። ሁለቱን ማሊያ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ላይ ተመሳሳይ ግራጫ ከሆኑ አንዱ ይቀየር።

ጥያቄ፦ ቀይ ማሊያችን ላይ ነጭ ቁጥር አሳተምን። ስንረከብ ነጭ ነበር፤ በሳምንቱ ሮዝ ሆነ። አታሚው «አጥባችሁት ነው» አለን፣ እኛ ግን አላጠብነውም።
— የስፖርት ክፍል ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ባይታጠብም ሮዝ ይሆናል። ፖሊስተር የሚነከርበት ቀለም ሲሞቅ ወደ ጋዝነት ይቀየርና ከጨርቁ ወጥቶ ላዩ ላይ ያለው ነጭ ቀለም ውስጥ ይገባል። የተለመደው ፕላስቲሶል የሚባለው የስክሪን ቀለም እንዲደርቅ 160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈልጋል፤ ቀዩን ለማስነሳት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለውጡ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል። አንዴ ሮዝ ከሆነ አይመለስም።

ለሚቀጥለው ትዕዛዝ ከሦስት መንገድ አንዱን ይምረጡ። አንደኛው በ130 ዲግሪ አካባቢ የሚደርቅ ቀለም መጠቀም፣ ከነጩ ሥርም ቀለም የሚያግድ ግራጫ ንጣፍ ማሳተም ነው። ሁለተኛው ቀለም የሚያግድ ንብርብር ያለው ቪኒል (በሙቀት የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ) ነው፤ ማተሚያው ጋር የሙቀት መጠኑን ከቪኒሉ መመሪያ ጋር ያመሳክሩ፣ «ትንሽ ጨምርበት» ማለት ሮዙን መጥራት ነው። ሦስተኛው፣ ማሊያው ገና ካልተሰፋ፣ ሰብሊሜሽን ነው፦ ነጭ ፖሊስተር ይወሰድና ቀዩ ራሱ 200 ዲግሪ ገደማ ላይ ይታተማል፤ ቁጥሩ ሳይታተም የቀረው ነጭ ጨርቅ ይሆናል። ሰብሊሜሽን ነጭ ቀለም የለውም፤ ጥጥ ላይም አይሠራም። የትኛውንም ቢመርጡ አንድ ማሊያ አሳትመው ለአንድ ሳምንት ያቆዩ። ቀሪ ክፍያውን ከዚያ በኋላ ቢጨርሱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቡድናችን ቅጽል ስም የለውም። «ዋልያ» እና «አንበሳ» ቀርበዋል። ምን ትመክራላችሁ?
— የተማሪዎች ተወካይ፣ ከወልዲያ

መልስ፦ ዋልያ ተይዟል፤ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ነው የሚባለው። አንበሳውም ከየሱቁ ግንባር ላይ አይጠፋም። የአገሩ እንስሳ እያለ ለምን ሩቅ ይኬዳል? ቀይ ቀበሮ በአቡነ ዮሴፍ ተራራም በቦረና ሳይንትም ይኖራል። «ቀበሮማ ተንኮለኛ ናት» የሚል አይጠፋም፤ ጭላዳም አለላችሁ፣ ጋማው ለሥዕል ይመቻል።

ከቤተ እምነት የተወሰደ ምልክትን ግን እንዳትነኩ። የላሊበላ መስቀልም ሆነ የመስጊድ ሚናሬት በራሱ ቦታ ያምራል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ በሚጨፍርበት የወሎ ሜዳ ግን ከደጋፊው ግማሹን እንግዳ ያደርገዋል። የሰው ማንነት ለቡድን ስም ሲሆንም መጨረሻው አያምርም። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ «ኢንዲያንስ» (የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መጠሪያ) የሚለውን ስሙን በ1972 እ.ኤ.አ. ትቶ ዛሬ በቀለሙ «ካርዲናል» (ደማቅ ቀይ) ነው የሚባለው። ሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ «ሱ» የተባለውን ሕዝብ ስም በ2012 እ.ኤ.አ. ካቆመ በኋላ አዲሱን የመረጠው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ በመካከሉ ያለ ቅጽል ስም ተጫወተ። የካርቱን ገጸ ባሕርይ ከኢንተርኔት መገልበጥም አያዋጣም፤ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ እንኳ ዶናልድ ዳክን በሚመስለው ዳክዬው ለመጠቀም ከዋልት ዲዝኒ ጋር መስማማት ነበረበት።

ስሙን ከመወሰናችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ጥሩት። በጭብጨባ ሁለት ጊዜ የማይባል ስም ደጋፊ አይይዘውም። ከአራቱ ቅኝቶች የሁለቱ ስም፣ ባቲና አምባሰል፣ ከዚሁ ከወሎ ነው፤ ለዝማሬው ዜማ ፍለጋ ሩቅ አትሄዱም።

ጥያቄ፦ አርማውን የሠራልን ልጅ አገር ለቅቆ ሄደ፤ እጃችን ላይ ያለው በቴሌግራም የላከው ምስል ብቻ ነው።
— ከሐይቅ

መልስ፦ ምስሉ ሲተልቅ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ በኢንክስኬፕ (በነፃ ይገኛል) ወይም በኢለስትሬተር በሚባል የሥዕል ፕሮግራም እንደገና በመስመር ይሳል። ለወደፊቱ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ዋናው የቬክተር ፋይል (በመስመር የተሳለና ሲተልቅ የማይደበዝዝ)፣ ኤስቪጂና ፒዲኤፍ ቅጂው፣ የጥልፍ ማሽን የሚያነበው ዲኤስቲ ፋይልና መብቱ ለቡድኑ መተላለፉን የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ሲረከቡ ይሁን። በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ ከፈለጉ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያመለክታሉ፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። ሲያስቀርጹም ለቴሌግራም የሚሆን አንድ ቅጂ ለብቻው ያሠሩ፤ እዚያ የመገለጫ ፎቶ በክብ ስለሚቆረጥ ማዕዘን ላይ ያለ ጽሑፍ ይበላል።