ሴፕቲክ ታንክ ያለው ቤት ሲሸጥ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በማሳቹሴትስ የከተማ ፍሳሽ መስመር ያልደረሳቸው ቤቶች ሲሸጡ የሴፕቲክ ታንኩ (የቤቱን ፍሳሽ የሚቀበለው ከመሬት በታች ያለ ጋን) እና የማስረጊያው (ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ወደ አፈር የሚሰርግበት መስክ) ምርመራ ግዴታ ነው፤ ደንቡን ሁሉም «ታይትል 5» ይለዋል። የዛሬዎቹ መልሶች ለዚያ ስቴት ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የአካባቢያችሁን የጤና መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቤታችንን በመጪው መጋቢት ገበያ ላይ ልናወጣው ነው። ሪልተራችን ታይትል 5 አስደርጉ ብሎናል። አንድ ወዳጃችን ደግሞ «ታንኩን አስቀድማችሁ አስመጥጡ፤ ንጹሕ ሆኖ ሲያዩት ያሳልፏችኋል» አለን። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ እባካችሁ እንዳታስመጥጡ። መርማሪው ክዳኑን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው ውሃው የቆመበትን ከፍታ ነው። ደህና ታንክ ውስጥ ውሃው ከመውጫው ቱቦ የታችኛው ጠርዝ እኩል ይቆማል። ዝቅ ካለ ታንኩ ያፈስሳል፤ ከፍ ካለ ወይ መውጫው ተደፍኗል፣ ወይ ማስረጊያው ውሃ መቀበል አቁሟል። ትናንት የተመጠጠ ታንክ ስለዚህ ሁሉ ምንም አይናገርም። መርማሪውም ነገሩ ስለማይሰወርበት ሌላ ቀን ተመልሶ ልምጣ ሊል ይችላል፤ ወጪው የእናንተ ነው።

መምጠጫ መኪናው ከመርማሪው ጋር በአንድ ቀን ይምጣ። መጀመሪያ ከፍታው፣ የዝቃጩና ከላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ውፍረት ይለካል፤ ከዚያ ይመጠጣል። ታንኩ ባዶ ሆኖ ሳለ በመውጫው በኩል ውሃ ተመልሶ ከገባ፣ ማስረጊያው መስክ ጠግቧል ማለት ነው። ይህን ማየት የሚቻለው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ለምርመራው ሦስት ወረቀት አዘጋጁ፦ ከከተማችሁ የጤና ቦርድ የሥርዓቱን ፕላን ቅጂ፣ ታንኩ የተመጠጠባቸውን ደረሰኞች፣ የሁለት ዓመት የውሃ ቢል። የታንኩንና የማከፋፈያ ሳጥኑን (ከታንኩ የወጣውን ውሃ ለማስረጊያው ቱቦዎች የሚያካፍለውን) ክዳን ራሳችሁ ቆፍራችሁ ብትጠብቁ ከሒሳቡ የሚቀነስላችሁ ይኖራል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ እስከ መጋቢት አትጠብቁ። የምርመራ ውጤት ለ2 ዓመት ያገለግላል፤ በየዓመቱ ማስመጠጣችሁን በደረሰኝ ካሳያችሁ ለ3 ዓመት። ስለዚህ መሬቱ ሳይቀዘቅዝ በጥቅምት ማስጨረስ ይሻላል። ደንቡ በአየር ጠባይ ምክንያት ምርመራው ካልተቻለ ከሽያጩ በኋላ በ6 ወር ውስጥ እንዲደረግ ይፈቅዳል፤ ሻጩ ለገዢው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሆኖም የገዢው ባንክ በዚህ ላይስማማ ይችላል፤ እኛ አንመክረውም።

ጥያቄ፦ ምርመራው ወደቀብን። ሽያጩ ፈረሰ ማለት ነው? ማሠሪያውን የሚከፍለውስ ማን ነው?

መልስ፦ አልፈረሰም። ደንቡ ሻጩ ሠርቶ ያስረክብ አይልም፤ ከምርመራው ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ይሠራ ነው የሚለው፣ የጤና ቦርዱ አስቸኳይ ነው ብሎ ካላሳጠረው በስተቀር። ክፍያው በሻጭና በገዢ ድርድር ያልቃል። አጥብቆ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ባንኩ ነው፦ ወይ ከክሎዚንግ (ሽያጩ ተፈርሞ ከሚያልቅበት ቀን) በፊት ይሠራ ይላል፣ ወይ ከግምቱ ከፍ ያለ ገንዘብ በኤስክሮው (ሥራው እስኪያልቅ በሦስተኛ ወገን እጅ) እንዲያዝ ያደርጋል።

ግን መጀመሪያ የወደቀው ምን እንደሆነ ሪፖርቱን አንብቡ። ሰው «ወደቀ» ሲባል ይደነግጥና ያልወደቀውንም እንደወደቀ ይቆጥራል። «በቅድመ ሁኔታ አልፏል» የሚል ውጤት አለ። የተለመደው ምክንያት የተበላ የማከፋፈያ ሳጥን ነው፦ ከፍሳሹ የሚወጣው የሰልፈር ጋዝ እርጥብ ኮንክሪት ላይ ወደ አሲድ ተቀይሮ ሳጥኑን ይበላዋል። በጤና ቦርዱ ፈቃድ ሳጥኑ ሲቀየር ውጤቱ ወደ «አልፏል» ይለወጣል። የተሰበረ ቱቦም እንዲሁ ነው።

እውነተኛው ውድቀት ሌላ ነው፦ ፍሳሽ ወደ ቤት መመለሱ ወይም ሣሩ ላይ መውጣቱ፣ በማከፋፈያ ሳጥኑ ውስጥ ውሃው ከመውጫዎቹ በላይ መቆሙ፣ ቱቦ ሳይደፈን በአንድ ዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ማስመጠጥ ማስፈለጉ፣ ማስረጊያው ከከርሰ ምድር ውሃ በታች መሆኑ። እነዚህ ሲገኙ አዲስ ማስረጊያ ያስፈልጋል። መንገዱም ረጅም ነው። የጤና ቦርዱ ሰው ባለበት ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩና ውሃ የማስረግ ፍጥነቱ ይፈተናል፤ መሐንዲስ ፕላን ያወጣል፤ ፈቃድ ይገኛል፤ ፈቃድ ያለው ሠሪ ይሠራል፤ በመጨረሻ የማረጋገጫ ወረቀት ይሰጣል። ዋጋውን የሚሰቅለው ብዙ ጊዜ የከርሰ ምድር ውሃው ነው። ከማስረጊያው በታች 4 ጫማ፣ ውሃ ቶሎ በሚያሳልፍ አሸዋማ አፈር ደግሞ 5 ጫማ ርቀት ይጠየቃል። ውሃው ቅርብ ከሆነ አፈር ከውጭ አምጥቶ ጉብታ መሥራት ግድ ይሆናል።

ሌላ መርማሪ ጠርተን እናስደግመው የሚል ሐሳብ ካለ አይጠቅምም። መርማሪው ሪፖርቱን በ30 ቀን ውስጥ ለጤና ቦርዱ ያስገባል፤ የመጀመሪያውም እዚያው ይቀመጣል።

አሠሪው በቤቱ የሚኖር ባለቤት ከሆነ የስቴቱ የታክስ ቅናሽ አለ። ከ2023 እ.ኤ.አ. የታክስ ዓመት ወዲህ ከወጪው 60 በመቶ፣ ቢበዛ 18,000 ዶላር ነው፤ በአንድ ዓመት ግን ከ4,000 አይበልጥም። ገዢው ራሱ ሊያሠራ ከተስማማ ይህን በድርድሩ አንሡት።

ጥያቄ፦ ቤዝመንቱን አሳምረን አንድ መኝታ ጨምረናል። ባለ 4 መኝታ ብለን ማስተዋወቅ እንችላለን?

መልስ፦ የፍሳሽ ሥርዓቱ ፕላን የወጣው ለ3 መኝታ ከሆነ አትችሉም። ሥርዓቱ የሚሰላው በመኝታ ክፍል በቀን 110 ጋሎን ነው፤ ለ3 መኝታ 330 ጋሎን። አራተኛው 440 ያደርገዋል፤ ማስረጊያው ግን ያው ነው። በሩን ነቅሎ «ቢሮ ነው» ማለትም ሁልጊዜ አያዋጣም። ከመታጠቢያ ቤት፣ ከኮሪደርና ካልተሠራ ምድር ቤት ውጭ ክፍሎቹ ከ8 ከበለጡ ቁጥሩ ለሁለት ይካፈላል፤ ለምሳሌ 9 ክፍል ያለው ቤት እንደ ባለ 4 መኝታ ይቆጠራል። አንዳንዴ የጤና ቦርዱ የመኝታውን ቁጥር የሚገድብ ጽሑፍ በርስት መዝገቡ ላይ እንዲመዘገብ በማድረግ ይስማማል። ያ ገደብ ከቤቱ ጋር ለገዢው ይተላለፋልና ጠበቃችሁ ይወቀው።

ጥያቄ፦ ንጥር ቅቤና የቡና አተላ ታንኩን ይጎዳል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። ቅቤው ቱቦ ውስጥ ይረጋል፤ አተላውም አይበሰብስም፣ ዝቃጩን ያሳድጋል። ድስቱን በወረቀት ጠርጉ፣ አተላውን ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ፣ በየ3 ዓመቱ አስመጥጡ። የምግብ መፍጫ ማሽን ካላችሁ በየዓመቱ።

ጥያቄ፦ ቤቱን የምሸጠው ሳይሆን በልጄ ስም የማዛውረው ነው። ምርመራ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። በባልና ሚስት፣ በወላጅና ልጅ፣ በአንድ አባትና እናት ልጆች መካከል የሚደረግ ዝውውር ከግዴታው ነፃ ነው። የአጎት ልጅ፣ የእህት ልጅና የክርስትና ልጅ ግን እንደ ወንድም ያደጉ ቢሆኑም ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። አብረን እንግዛ ብለው በዘመድ ስም ያስመዘገቡ ሰዎች ስም ሲያስመልሱ የሚያዙት እዚህ ላይ ነው። ብድር ሪፋይናንስ ማድረግ (የቤቱን ብድር በአዲስ ብድር መተካት) ደግሞ ምርመራ አይጠይቅም።