ለአንድሩስ የአየር ትርኢት ካሜራና ሌንስ ማዘጋጀት፦ ከሹተሩ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። ካኖን አር10 ካሜራ፣ 18-150 እና 100-400 ሚሊሜትር ሌንስ እንዳለሽ፣ ሜሪላንድ አንድሩስ ቤዝ ለሚካሄደው የአየር ትርኢት እንዴት እንደምትዘጋጂ ጠይቀሻል። ባለፈው ባለ ፕሮፔለሮቹ ሞተራቸው ጠፍቶ የተንጠለጠሉ መስለው ወጡ፣ ጄቶቹም ጠቆሩብኝ ብለሻል። ሁለቱም ቤትሽ ሆነሽ የሚስተካከሉ ናቸው።

ጄት ላይ የሚሽከረከር ነገር ስለማይታይ የሹተር ፍጥነቱን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን የሰከንድ ክፍልፋይ) 1/1600 ወይም 1/2000 አድርጊው። ፕሮፔለር ግን ሌላ ሒሳብ አለው። በደቂቃ 2400 ጊዜ የሚዞር ፕሮፔለር በ1/1000 ሰከንድ 14 ዲግሪ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ቆሞ የታየሽ ለዚህ ነው። በ1/160 ግን 90 ዲግሪ ስለሚዞር የሚያምር ድብዝዝ ክብ ይሠራል። እንደ ፒ-51 ያሉ የጦርነት ዘመን አውሮፕላኖች ፕሮፔለራቸው ከሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር እስከ 1/125 ውረጂ። ከሁሉም የሚከብደው ሄሊኮፕተር ነው፤ የብላክ ሆክ ዋና ሮተር በደቂቃ 258 ጊዜ ገደማ ስለሚዞር በ1/60 እንኳ 26 ዲግሪ ቢሄድ ነው። በ1/60 ብዙው ፎቶ ስለሚበላሽ መጀመሪያ በ1/250 ጥቂት አስቀሪና ከዚያ ዝቅ በይ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። በጠራራ ፀሐይ 1/125 ላይ ስትሆኚ አይኤስኦው (የሴንሰሩ የብርሃን ስሜት) እስከ 100 ወርዶ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ) ወደ ኤፍ14 ይጠባል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ያኔ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ሁሉ ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል፣ የምስሉም ጥራት ይቀንሳል። ከመሄድሽ በፊት በኤፍ16 ነጭ ግድግዳ አንሺና ነጥብ ካየሽ አስጠርጊው። ለ100-400ው ባለ 67 ሚሊሜትር ኤንዲ4 ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) ካገኘሽ ኤፍ14ቱን ወደ ኤፍ8 አካባቢ ያመጣልሻል። ፖላራይዘር የሚባለውን ፊልተር ግን ተዪው፤ የአብራሪው መስታወት ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያወጣል።

የጄቱንና የፕሮፔለሩን ሴቲንግ የካሜራው መምረጫ ጎማ ላይ ባሉት ሲ1 እና ሲ2 ላይ አስቀምጫቸው። ሲ1 ለጄት፦ ማንዋል፣ 1/2000፣ ኤፍ8፣ አውቶ አይኤስኦ። ሲ2 ለፕሮፔለር፦ ቲቪ (ሹተሩን አንቺ መርጠሽ አፐርቸሩን ካሜራው የሚመርጥበት)፣ 1/160። ጄት ካለፈ በኋላ ባለ ፕሮፔለር ሲመጣ ሜኑ ውስጥ መፈለግ አይቻልም። በሁለቱም ላይ መካኒካል ሹተር ይሁን፤ ኤሌክትሮኒኩ ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ የፕሮፔለሩን ክንፎች እንደ ሙዝ ያጎብጣቸዋል።

ጄቶቹ የጠቆሩት ካሜራው ደማቁን ሰማይ አይቶ ብርሃን ስለቀነሰ ነው። ሰማዩ ነጭ ደመና ከሆነ ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (ፎቶውን የሚያደምቀውን ወይም የሚያጠቁረውን ማስተካከያ) +1 አድርጊ፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ ከሆነ 0 ወይም +1/3 ይበቃል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የትርኢት ቡድን የሆነውን ብሉ ኤንጅልስን የመሰለ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም በነጭ ሰማይ ላይ ከሆነ ከ+1 በላይም ይፈልጋል። በኋላ ብርሃኑን ማስተካከል እንድትችዪ በሮው (ካሜራው ሳያሳንስ በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሺ።

አውሮፕላኖች በሚበሩበት ጊዜ ሁሉ 100-400ው ካሜራው ላይ ይቆይ። በአንቺ ካሜራ 400ው እንደ 640 ስለሚያሳይ ለአንድ አውሮፕላን ይበቃል፤ ስድስት አውሮፕላኖች አብረው ሲመጡ ግን ከ100 እስከ 150 ወዳለው መልሺው፣ አለበለዚያ የዳሩ አውሮፕላን ክንፉ ይቆረጣል። 18-150ው መሬት ላይ ለቆሙት ነው። ሜዳው ላይ ሌንስ መቀያየር ያንኑ አቧራ መጋበዝ ነው።

ፎከሱ ሰርቮ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚያስተካክል)፣ ቦታውም ዞን (ከአንድ ነጥብ ሰፋ ያለ ክልል) ይሁን። አውሮፕላኑን ገና ከሩቅ ያዢውና ተከተዪው፤ ቅርብ ሲደርስ ከጀመርሽ ፎከሱ ጭሱን ይይዛል። አጭር አጭር በርስት (ተከታታይ ፎቶ) አንሺ እንጂ ጣትሽን ተጭነሽ አትቆዪ፤ የካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻ ሞልቶ ሲያዘግም ዋናው ቅጽበት ያመልጣል። አስፋልቱ ሲግል ከማኮብኮቢያው በላይ ያለው አየር ይርገበገባል፤ ይህንን ምንም ሴቲንግ አያስተካክለውም፣ ጠዋት ወይም ከፍ ሲሉ አንሺ።

እስከዚያው መንገድ ዳር ቆመሽ የሚያልፉ መኪኖችን በ1/125 ተለማመጂ። እግርሽ መኪናው ፊት ለፊትሽ ወደሚደርስበት ቦታ ይዙር፣ ክርንሽ ከጎንሽ ይጣበቅ፣ ከወገብሽ ዙሪ፤ ሹተሩን ከተጫንሽ በኋላም መከተሉን አታቋርጪ።