ሁለት ራውተር በአንድ መስመር፦ የአይፒና የራውት ጥያቄዎቻችሁ

ቢሮንና መጋዘንን በፋይበር ወይም በሬዲዮ ስለማገናኘት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ጥያቄ መጥቷል። ራውት ስል ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) በየት በኩል እንደሚሄድ ለራውተሩ የሚነግር መመሪያ ማለቴ ነው። ለሁሉም አንድ ምሳሌ እንያዝ። የቢሮው ኔትወርክ 192.168.10.0/24፣ የመጋዘኑ 192.168.20.0/24 ነው። በመሃል ባለው መስመር ላይ የቢሮው ራውተር 10.0.0.1፣ የመጋዘኑ 10.0.0.2 ነው፤ ሰብኔቱ (የመስመሩ የአድራሻ ክልል) /30፣ ማለትም አራት አድራሻ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለቱ ራውተሮች ፒንግ («አለህ?» የሚል የሙከራ ጥሪ) ሲደረጉ ይመልሳሉ። ከቢሮው ኮምፒውተር ግን የመጋዘኑን ኮምፒውተር ማግኘት አልቻልኩም። ለምን?

መልስ፦ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ይሄንን ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። አብዛኛውን ጊዜ መሄጃው አለ፣ መመለሻው የለም። የቢሮው ራውተር ወደ መጋዘኑ የሚወስድ ራውት ተጽፎለታል። የመጋዘኑ ራውተር ግን «ወደ 192.168.10.0/24 በ10.0.0.1 በኩል» የሚል ከሌለው፣ መልሱን በዲፎልት ራውቱ (ሌላ ራውት ላልተጻፈለት ሁሉ በሚያገለግለው) ወደ ኢንተርኔት ይሰደዋል። እዚያው ይቀራል። ራውተር ከራውተር ፒንግ ሲያደርግ መነሻው 10.0.0.1 ነው። ያንን አድራሻ ማዶ ያለው ራውተር በቀጥታ ያውቀዋል፤ ራውት አይፈልግም። ስለዚህ ያ ፒንግ መስመሩ ደህና መሆኑን እንጂ ራውቱ መስተካከሉን አይነግርህም። መነሻ አድራሻውን 192.168.10.1 (የቢሮው ራውተር በቢሮው ኔትወርክ በኩል ያለው አድራሻ) አድርገህ ሞክር፤ ችግሩ ወዲያው ይታያል። ሁለቱም ራውት ኖሮ እምቢ ካለ የዊንዶውስ ፋየርዎልን እይ። ከሌላ ሰብኔት የመጣ ፒንግ ብዙ ጊዜ አያሳልፍም።

ጥያቄ፦ ለሁለት ራውተር አራት አድራሻ ብክነት አይደለም? ሁለት አድራሻ ብቻ ያለው /31 ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። በ/30 አንዱ አድራሻ ለኔትወርኩ፣ አንዱ ለብሮድካስት (ለሁሉም በአንዴ ለሚላክ መልእክት) ይሄዳል። ሁለት ጫፍ ብቻ ባለው መስመር ግን ብሮድካስት አያስፈልግም። በአርኤፍሲ 3021 (የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ) መሠረት 10.0.0.0ም 10.0.0.1ም ለራውተር ይሰጣሉ። የማይቀበለው ዕቃ ስላለ ቀድመሽ ሞክሪ፣ እህቴ።

ጥያቄ፦ ራውት ስጽፍ የማዶውን አይፒ ልስጥ ወይስ የራሴን ኢንተርፌስ (የራውተሬን መውጫ)?

መልስ፦ የማዶውን አይፒ። በፒፒፒ (ሁለት ጫፍ ብቻ በሚያገናኝ ፕሮቶኮል) መስመር ኢንተርፌሱ ብቻ ይበቃል፤ ማዶ ያለው አንድ ነዋ። በኢተርኔት ግን ራውተሩ ለእያንዳንዱ መድረሻ «ይህ አድራሻ የማነው?» እያለ በአርፕ ይጠይቃል። ማዶ ፕሮክሲ አርፕ (ራውተሩ በሌሎች ስም እንዲመልስ የሚያደርገው) ካልበራ መልስ የለም።

ጥያቄ፦ በሁለቱም ቦታ 192.168.1.0/24 ነው።

መልስ፦ አድራሻው አንድ ከሆነ የቱ ቢሮ፣ የቱ መጋዘን እንደሆነ ስለማይለይ አንዱን ቀይር። በናት (አድራሻን መንገድ ላይ በሌላ በመተካት) ማለፍ ይቻላል፤ ኋላ ግን ራስ ምታት ነው።

ጥያቄ፦ ፒንግ ያልፋል፣ ትልቅ ፋይል ግን መሃል ላይ ይቆማል።

መልስ፦ ኤምቲዩውን (በአንድ ፓኬት የሚያልፈውን ትልቁን መጠን) እይ። በመንገዱ ፒፒፒኦኢ (ፒፒፒን በኢተርኔት ላይ የሚያስኬደው) ካለ 8 ባይት ይወስዳል፤ 1500 የነበረው 1492 ይሆናል።

ጥያቄ፦ መጠባበቂያ መስመር ልጨምር ነው። ስታቲክ ራውት (በእጅ የተጻፈ) ይበቃኛል?

መልስ፦ ዋናው መስመር በሬዲዮ ከሆነ ብቻውን አይበቃም። ሬዲዮው ሲቋረጥ ራውተሩና አንቴናው የተያያዙበት ፖርት እንደበራ ይቀራል። ራውተሩ ምንም ሳያውቅ ፓኬት መላኩን ይቀጥላል። ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገዱን ራሳቸው የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ተጠቀም። በተለመደው አቀማመጥ በየ10 ሰከንዱ ሄሎ («አለሁ» የሚል መልእክት) ይላላካሉ፤ ለ40 ሰከንድ ካልመጣ ወደ መጠባበቂያው ይዞራሉ። ኢንተርፌሱንም ፖይንት ቱ ፖይንት ብለህ አስቀምጠው። ያለዚያ በኢተርኔት ላይ መጀመሪያ ሲነሱ መሪ ራውተር ለመምረጥ በከንቱ ይጠባበቃሉ።