ተጣጣፊ ወንበር ለጮቄ፣ ለዓባይ በረሃ፣ ለጠበል፦ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ሰሞኑን ስለ ተጣጣፊ ዕቃ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ። ከዋጋው በፊት ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። የሚሸከመው ማነው? ጀርባችሁ፣ አጋሰስ ወይስ መኪና? መልሴ የሚለያየው በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ጮቄ ተራራ ላይ ሁለት ሌሊት ልናድር ነው። ገበያ ላይ በረጅም ከረጢት የሚገባ ባለ ክንድ ወንበር አየሁ፤ ርካሽ ነው። ልግዛው?

መኪናው አጠገብ የምታድሩ ከሆነ ግዛው። በእግር የምትወጡ ከሆነ ይቅርብህ። ያ ያየኸው፣ እንደ ጃንጥላ የሚሰበሰበው፣ እግሩ ብረት ነው፤ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል። 4 ኪሎ ማለት 4 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ነው ወንድሜ፤ እዚያ ትንፋሽ ያጥራል፤ ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ስንቅ ተሸክመህ ዳገቱን ስትጀምር ያንን ወንበር መንገድ ላይ ላገኘኸው እረኛ መርቀህ ሰጥተኸው ነው የምታልፈው።

ለጀርባ የሚሆነው ባለ አሉሙኒየም ዘንጉ ነው። ዘንጎቹ ውስጥ ላስቲክ አለ፤ እንደ ድንኳን ዘንግ እየተሰካኩ ይቆማሉ፤ ጨርቁ አራቱ ጫፍ ላይ ይጠለቃል። ሲታጠፍ የጀርባ ቦርሳህ ጎን ላይ ይገባል። ክብደቱ 1 ኪሎ አካባቢ ነው። ይህን ቅርጽ በዓለም ላይ ያስለመደው የደቡብ ኮሪያው ሄሊኖክስ ነው፤ ቼር ዋን የሚባለው ወንበሩ ከ1 ኪሎ ትንሽ ያንሳል፣ 145 ኪሎ ሰው ይችላል፤ ቼር ዜሮ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ዋጋቸው ግን ለእኛ ኪስ አይደለም። ቅርጹን የቀዱ የቻይና ወንበሮች አሉ፤ ትንሽ ከበድ ይላሉ እንጂ ሥራቸውን ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ ሻጩ ሁሉንም "አሉሙኒየም ነው" ይላል። በምን ልወቅ?

በማግኔት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ኪስህ ይዘህ ሂድ። አሉሙኒየም አይስበውም፤ ከሳበው ብረት ነው፣ ክርክር የለም። ቀጥሎ ሚዛን። ጎረቤት ካለው በርበሬ ወይም ቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ ከነከረጢቱ አስቀምጠው፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ኪሎ አትመን።

ከዚያ አውጥተህ ግጠመው። ቁመህ አትመልከተው፣ ቁጢጥ በል። ዘንጎቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ፕላስቲክ በአውራ ጣትህ ዳብሰው፤ ነጣ ያለ መስመር ካየህ መሰንጠቅ ጀምሯል ማለት ነው። እነዚህ ወንበሮች ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት እዚያው ላይ ነው። ሁለተኛ የዘንጉ ጫፍ የሚገባበትን የጨርቅ ኪስ ገልብጠህ ስፌቱን እይ። አንድ መስመር ስፌት ብቻ ካለው ቶሎ ይተረተራል። ሁለትና ሦስት ጊዜ የተሰፋ፣ ማዕዘኑ ላይ ድርብ ጨርቅ ያለው ይሻላል። የተሰፋው በአንድ መስመር ቢሆንም ሌላው ነገሩ ጥሩ ከሆነ ግዛና ጫማ ሰፊ ዘንድ ውሰደው፤ በወፍራም ክር ደርቦ ይሰፋልሃል።

ጥያቄ፦ እኔ 110 ኪሎ ነኝ። ይችለኛል? አትሳቁብኝ።

ማን ይስቃል! 120 ኪሎ የሚል አትግዛ፣ 150 የሚል ፈልግ። የተጻፈው ቁጥር ቀስ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ነው። ደክሞህ ዘፍ ስትል ዘንጉ ላይ የሚያርፈው ከኪሎህ በላይ ነው። ወደ ኋላ በሁለት እግር መንፈላሰስም አይፈቀድም፤ የቀጭን ሰው ወንበርም በዚያ ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ጮቄ ላይ መሬቱ ረግረግ ነው፤ የወንበሩ እግር እየሰመጠ አስቸገረን።

ልክ ነህ፣ ጓሳው መሃል ውሃ ያቆራል። ቀጭን እግር እዚያ ይሰምጣል፤ አንዱ እግር ሲሰምጥ ደግሞ ወንበሩ ይጣመምና ዘንጉ ይጎብጣል። መፍትሔው ከአሮጌ ጀሪካን ነው። ጎኑን በቢላ ቆርጠህ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ አራት ክቦች አውጣ። እያንዳንዱ መሃል ላይ ሁለት ቀዳዳ ብሳና በሲባጎ ከወንበሩ እግር ጋር እሰረው። ክብደቱ ከምንም አይቆጠርም። የቴኒስ ኳስ ካገኘህም ሰንጥቀህ እግሩን መክተት ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ የቴኒስ ኳስ ከየት ይመጣል እንዳትለኝ እንጂ።

ጥያቄ፦ ተጣጣፊ አልጋ ልግዛ ወይስ ፍራሽ? ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ጮቄም ዓባይ በረሃም እሄዳለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ከመሬት ከፍ ካልኩ ብርዱ አያገኘኝም ይላል። ግን ከአልጋው ሥር ነፋስ እንደልቡ ይመላለሳል፤ የተኛህበት ልብስ በሰውነትህ ክብደት ስለሚጨፈለቅ ሙቀት አይዝም፤ ስለዚህ ጀርባህ ሌሊቱን ሙሉ ይበርደዋል። ከፍታ ሲጨምር በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ባሕር ዳር 1800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጮቄ ከ4000 በላይ። ልዩነቱ 14 ዲግሪ ይሆናል፤ ነፋሱ ሳይቆጠር።

ስለዚህ ለጮቄ አልጋውን ተወው፤ ውሃ የማይጠጣ የፎም ምንጣፍ ያዝ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን። ቴርማረስት ዚ ላይት ሶል የሚባለው 410 ግራም ነው፤ ርካሹም ቢሆን ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው። የስፖርት ምንጣፍም ከምንም ይሻላል። የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ መሄድ ግን አይሆንም፤ ጤዛውን ሁሉ ጠጥቶ ጠዋት ክብደቱ እጥፍ ሆኖ ነው የምታገኘው። ያው ምንጣፍ ታጥፎ ቀን ቀን መቀመጫ ይሆናል፤ እውነቱን ለመናገር ብር ለሌለው ተማሪ ወንበርም አያስፈልገውም፣ ይኸው ይበቃዋል።

ዓባይ በረሃ ተቃራኒው ነው። ከደጀን ወርደህ ድልድዩ ጋ ስትደርስ 1000 ሜትር አካባቢ ነህ፤ ሌሊቱም ይሞቃል። እዚያ ከሥር የሚያልፈው ነፋስ እፎይታ ነው፣ ጊንጥም ብብትህ ሥር አትገባም። ግን ተጣጣፊ አልጋ ርካሹ ብዙ ጊዜ ከ5 ኪሎ አያንስም። በመኪና ብቻ።

ጥያቄ፦ እናቴን ግሽ ዓባይ ጠበል ልወስዳት ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ተራ መጠበቅ አለ። ቀላሉን ወንበር ልግዛላት?

እህቴ፣ ለእናትሽ ቀላሉን አትግዢ። እነዚያ ቀላል ወንበሮች ዝቅ ያሉ ናቸው፣ መቀመጫቸው ከመሬት 30 ሴንቲ አካባቢ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከገባባቸው መነሳት አይችልም። ከ45 ሴንቲ የማያንስ፣ ክንዱ ጠንካራ የሆነ፣ እጇን ተደግፋ የምትነሳበት ፈልጊላት። ብረት ቢሆን ግድ የለም፣ ግሽ ዓባይ እስካለበት እስከ ሰከላ መኪና ያመጣዋል፣ ከዚያ በኋላ አንቺ ትሸከሚዋለሽ። ባለ ሦስት እግሩን ዱካ አደራ እንዳትገዢ፤ ጎን ሲሉበት ይገለበጣል።

ጥያቄ፦ የእንጅባራ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። የቻይና ዕቃ ከምታስገዛ የእኛን ቀርከሃ ለምን አትመክርም?

ጋሼ፣ እውነት ብለዋል። የቀርከሃ በርጩማ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቢሰበርም ሠሪው እዚያው አለ። አይታጠፍም እንጂ። በቅሎ ወይም ፈረስ ለሚያስጭን ሰው ምንም ችግር የለውም፤ ሁለቱን ግራና ቀኝ ማንጠልጠል ነው። ለገዢዎች ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀርከሃው በደንብ የበሰለና የደረቀ መሆኑን ጠይቁ። ለጋ ሆኖ የተቆረጠ ነቀዝ ይበላዋል፤ ከሥሩ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ሲረግፍ ካያችሁ ተበልቷል።

የሚታጠፍም ማሠራት ይቻላል። አናጺ ዘንድ ሂዱና ከደረቅ ዋንዛ ሁለት ጠባብ ፍሬም አሠሩ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ፣ መሃሉ ላይ በሁለት ብሎን የሚያያዝ፣ ሲከፈት መስቀልኛ የሚቆም። ከላይ ድርብ ሸራ ወይም ቆዳ ይወጠርበታል። ባሕር ዛፍ አይሁን፤ ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ብሎኑ ሥር ሮንዴላ ይግባበት፤ አለዚያ እንጨቱን እየበላ ቀዳዳው ይሰፋል።

ጥያቄ፦ ጠረጴዛስ?

ተዉት። ስንቅ የመጣበት ካርቶን ወይም ሳጥን ይበቃል። ዘንገና ሐይቅ ዳር ከቤተሰብ ጋር በመኪና የምትውሉ ከሆነ ብቻ፣ እንደ ሰሌን የሚጠቀለለውን አሉሙኒየም ግዙ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ወንበር በግማሽ ዋጋ አገኘሁ። ላስቲኩ ላልቷል፣ ጨርቁም የሻጋታ ሽታ አለው።

ላስቲኩ ቀላል ነው። ክብ ላስቲክ በሜትር ገዝተህ አሮጌውን አውጣና በቀጭን ሽቦ እየሳብክ አስገባው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሻጋታውን በሳሙና እጠበውና ፀሐይ ላይ አድርቀው፤ የቀድሞው ባለቤት እርጥቡን አጥፎ አስቀምጦት ነው። የመሃሉ ፕላስቲክ ጤነኛ ከሆነ ግዛው። ከተሰነጠቀ ግን በሱፐር ግሉ አጣብቀዋለሁ እንዳትል፤ መለዋወጫውን ለብቻው የሚሸጥልህ አታገኝም።