ኮርነርባክ ልሁን ወይስ የሒሳብ ሥራዬን ልያዝ?

የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጠያቂያችን በ8 ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር አሜሪካ ገባ። አሁን በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ አካውንቲንግ ሊጨርስ ነው፤ ሜይ ላይ ይመረቃል። ለኮሌጁ ቡድን አራት ዓመት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫውቷል። ቦታው ኮርነርባክ ነው፤ ዳር ላይ ቆሞ የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ፣ ሪሲቨሩን፣ እግር በእግር እየተከተለ ኳስ የሚያስጥል ተከላካይ። አንድ ኤጀንት (ወኪል) "ድራፍት ላይ፣ ክለቦች አዲስ ተጫዋች በየተራ ሲመርጡ፣ ስምህ ባይጠራም የሚሞክርህ ክለብ አላጣልህም" ብሎታል። አንድ መልማይ ደግሞ "ኮርነር ከምትሆን ሴፍቲ (ከኋላ ቆሞ ሜዳውን የሚጠብቅ ተከላካይ) ብትሆን ይሻልሃል" ብሎ ግራ አጋብቶታል። በሌላ በኩል አንድ የሒሳብ ድርጅት ከኦገስት ጀምሮ ሊቀጥረው ደብዳቤ ልኮለታል። እናቱ "የሥራ ደብዳቤ በእጅህ ይዘህ ኳስ ልታባርር?" ብለዋል። "ጋሼ፣ ልሞክር ወይስ ይቅርብኝ? ከሞከርኩስ እዚያ ሰው የሚያድገው እንዴት ነው?" ይላል።

ወንድሜ፣ እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም። ስለ እግር አጣጣል ልምከርህ ብል ትስቅብኛለህ። ግን ክለብም ቀጣሪ ነው። ቀጣሪ ማንን አስቀርቶ ማንን እንደሚሸኝ ማየት ደግሞ ሥራዬ ነው። መልሴ "ሞክር" ነው። የምትሞክርበት መንገድ ላይ ግን አልተስማማንም።

ደብዳቤህ ውስጥ ሪሲቨር ስለመሸፈን ብዙ ጽፈሃል። ስለ ስፔሻል ቲም፣ ኳስ በእግር ሲመታ ሜዳ ስለሚገባው ቡድን፣ አንድም ቃል የለም። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሊጉ፣ ኤንኤፍኤል፣ 32 ክለብ አለው። በጋ ላይ አንድ ክለብ እስከ 90 ተጫዋች ይይዛል። ኦገስት መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ወደ 53 ይወርዳል። ከዚያ በተጨማሪ 16 ልጆች ፕራክቲስ ስኳድ ላይ ይቀራሉ፤ አብረው ይለማመዳሉ፣ ጨዋታ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሰለፉም። ከ53ቱ ውስጥ ኮርነሮች አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ናቸው። ሁለቱ ዳር ይጫወታሉ፤ አንዱ መሀል፣ ስሎት ላይ። እነዚህ ሦስቱ የተያዙት ሪሲቨር ስለሚሸፍኑ ነው። የቀሩትስ? የእነሱን እንጀራ የሚያበስለው ስፔሻል ቲም ነው። አሰልጣኙ እኩል ከሚመስሉ ሁለት ልጆች አንዱን ሲመርጥ የሚጠይቀው "ፐንት (ኳሱን ለተጋጣሚ አርቆ የሚለቅ ምት) ሲመታ ቀድሞ የሚደርሰውና የሚጥለው የቱ ነው?" ብሎ ነው። ድራፍት ያልተደረገ ልጅ ደግሞ የሚወዳደረው ለአምስተኛውና ለስድስተኛው ወንበር ነው። ለመጀመሪያው አይደለም።

ጀስቲን ቤተልን ተመልከት። በ2012 አሪዞና በ6ኛው ዙር ድራፍት ያደረገው፣ ፕሬስቢቴሪያን ከሚባል ትንሽ ኮሌጅ የመጣ ኮርነር ነው። በኮርነርነቱ ያን ያህል አልገነነም። በስፔሻል ቲም ግን ለፕሮ ቦውል፣ ለዓመቱ ምርጦች ስብስብ፣ ሦስት ጊዜ ተመረጠ። ሊጉ ውስጥም ከ10 ዓመት በላይ ቆየ። ከእሱ በፊት ከተመረጡት ስንቶቹ ቀድመውት ጫማቸውን እንደሰቀሉ አስበው።

ስለዚህ ኤጀንትህ ለክለቦች በሚልከው ቪዲዮ ውስጥ በኪክኦፍ፣ በመክፈቻው ምት፣ እና በፐንት ላይ የሮጥከው ይግባ። ኮሌጅ ላይ ቋሚ ተሰላፊ ስለሆንክ ከዚያ ሥራ አሳርፈውህ ከነበረ፣ ክለብ በገባህበት ቀን የስፔሻል ቲሙን አሰልጣኝ ራስህ ፈልገህ ተዋወቀው። "የትኛው ቦታ ላይ ሰው ይጎድልሃል?" በለው። "መቼ ነው የምጫወተው?" ብሎ የሚጠይቅ አዲስ ልጅ ሞልቷል።

አሁን ወደ ዕድገቱ ጉዳይ። ኮርነር መጀመሪያው ዓመት ላይ የሚንገዳገደው ፍጥነት አጥሮት ብቻ አይደለም። ሕጉም ሜዳውም ይቀየርበታል። ኮሌጅ ላይ ኳሱ አየር ላይ እስኪወጣ ድረስ ሪሲቨሩን በእጅህ መግፋት ትችላለህ። በኤንኤፍኤል ኳሱ ከተነሳበት መስመር 5 ያርድ ካለፈ በኋላ ከነካኸው 5 ያርድ ቅጣት ነው፤ ለተጋጣሚም አዲስ ፈርስት ዳውን፣ ከአዲስ የሚቆጠር የማጥቃት ዕድል፣ ይሰጠዋል። ኮሌጅ ላይ ተቀባዩን አላግባብ ብታደናቅፍ ቅጣቱ ከ15 ያርድ አያልፍም። በኤንኤፍኤል ግን ኳሱ የሚቀመጠው ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታ ላይ ነው። 40 ያርድ ርቀህ ካጠፋህ 40 ያርድ ከፈልክ ማለት ነው። አራት ዓመት የለመደ እጅ ይህን በአንድ በጋ አይረሳም።

"ሁልጊዜ የምጫወተው በጠባቡ በኩል ነው" ያልከው ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። የኮሌጅ ሜዳ ላይ ኳሱ የሚቀመጥባቸው ሁለት መስመሮች 40 ጫማ ተራርቀዋል። ኳሱ አንዱ መስመር ላይ ሲቀመጥ አንደኛው ጎን ይጠባል። በጠባቡ በኩል የሚቆም ኮርነር የሜዳው ጠርዝ ያግዘዋል፤ ሪሲቨሩ መሄጃ ያጣል። በኤንኤፍኤል በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 18 ጫማ ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ኳሱ ሁልጊዜ ወደ መሀል ይጠጋል፤ ጠባብ የሚባለው ጎን ያን ያህል የለም። ከአሁን ጀምሮ ሰፊው ሜዳ ላይ ተለማመድ። የሚያግዝህ ሪሲቨር ካጣህ ከሰፈር ፈጣን ልጅ ለምነህ አምጣ።

ሌላው ደግሞ መታለፍ ነው። ታልፋለህ። ኳርተርባክ፣ ኳስ ወርዋሪው፣ አዲስ ፊት ሲያይ ኳሱን ወደዚያው ይወረውራል። ማልኮም በትለር ከዌስት አላባማ የመጣ ልጅ ነው፤ በ2014 ማንም ድራፍት አላደረገውም። ከዚያ በፊት ከአንድ ኮሌጅ ተባርሮ ፖፓይስ ዶሮ ቤት ሠርቷል። ኒው ኢንግላንድ ለሙከራ ጠራውና ቀረ። ለሱፐር ቦውል፣ ለዋንጫው ፍጻሜ፣ ሲዘጋጁ፣ ተጋጣሚያቸው ሲያትል ጎሉ አጠገብ የምትጠቀምባት አንዲት ፕሌይ (የተቀነባበረች ጥቃት) ልምምድ ላይ ተሞከረች። በትለር ታለፈባት። አሰልጣኞቹ ነገሩት። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015 ሲያትል 1 ያርድ ሲቀራት፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት፣ ያቺው ፕሌይ መጣች። በትለር አሰላለፉን አይቶ አወቃት። ሪሲቨሩን ቀድሞ ኳሱን ነጠቀ፤ ዋንጫውም የኒው ኢንግላንድ ሆነ።

ሰው ይህን ሲያወራ ተአምር ያስመስለዋል። እኔ የማየው ልምምድ ላይ የተሠራ ስህተት በትክክል መመዝገቡን ነው። ማን እንዳለፈህ፣ ከየትኛው አሰላለፍ እንደተነሳ፣ ያኔ ዓይንህ የት እንደነበር በየቀኑ ጻፍ። አሰልጣኝ አንድ ስህተት ይታገሣል። በማግስቱ ያንኑ ሲያይ ነው ስምህን የሚሰርዘው። ደብተር መያዝ ደግሞ ለአካውንታንት ብርቅ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ በዚያች ፕሌይ ላይ ሌላኛውን ሪሲቨር ገፍቶ ለበትለር መንገድ የከፈተለት ብራንደን ብራውነር ነው። እሱም ድራፍት ያልተደረገ ነው። ካናዳ ሊግ ውስጥ ካልጋሪ ለዓመታት ተጫውቶ በ2011 ወደ ኤንኤፍኤል የተመለሰ ሰው ነው። ካናዳን ከዝርዝርህ አትሰርዝ።

መሀል መጫወትንም ተማር። ክሪስ ሃሪስ ጁኒየር በ2011 ድራፍት ሳይደረግ ዴንቨር ሲገባ የፈረመበት ጉርሻ 2,000 ዶላር ነበር። ስሎት ላይ የሚቆመው ሰው በሁለቱም አቅጣጫ ይጠቃል፤ ሩጫም ያስቆማል፤ ብዙ ኮርነር አይወደውም። ሃሪስ ያንን ሥራ የራሱ አደረገው። አራት ጊዜ ፕሮ ቦውል ተመረጠ፣ ሱፐር ቦውል 50ንም አሸነፈ። ዳር ለመጫወት ቁመትህ አጥሮ ከሆነ ይሄ በር ላንተ ክፍት ነው።

ሴፍቲን በተመለከተ መልማዩን አትቀየመው፤ "ለምን?" ብለህ ጠይቀው። ዴቪን ማኮርቲ በ2010 አንደኛ ዙር የተመረጠ ኮርነር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 7 ኳስ ነጥቆ ፕሮ ቦውል ገባ። በ2012 ወደ ሴፍቲ ዞረና እስከ 2022 ተጫወተ፤ ሦስት ዋንጫም በላ። መልማዩ "ስትዞር ወገብህ ይዘገያል" ካለህ የሚሠራበት ድክመት ነው። "ሜዳውን ታነባለህ፣ ትናገራለህ" ካለህ ግን እያሞገሰህ ነው። ሁለቱንም ቦታ የሚችል ልጅ ከ53ቱ ሲቆረጥ አሰልጣኙን ይከብደዋል።

ወደ እናትህ ልምጣ። እሳቸው የሚፈሩት ቤሳ ሳትይዝ ዓመት እንዳይባክንብህ ነው፤ ልክ ናቸው። ለሙከራ ብቻ የሚጠራ ልጅ ውል የለውም። ፕራክቲስ ስኳድ ላይ ያለ አዲስ ልጅ በ2025 በሳምንት 13,000 ዶላር ይከፈለው ነበር። ነገር ግን ማክሰኞ ሊያሰናብቱት ይችላሉ፤ ክፍያውም ያኔ ይቆማል። ዋናው ዝርዝር ውስጥ የገባ አዲስ ተጫዋች ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ በዚያው ዓመት 840,000 ዶላር ነበር። ፕራክቲስ ስኳድ ላይ እያለህ ሌላ ክለብ ከፈለገህ 53ቱ ውስጥ ማስገባት አለበት። ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍረህ አብራችሁ ቁጭ በሉ። "እማዬ፣ ሕልሜ ነው" ብቻ ካልካቸው አይሰሙህም።

ለድርጅቱ ደግሞ አሁኑኑ ጻፍ። የሥራ መጀመሪያህን ከኦገስት ወደ ጃንዋሪ እንዲገፉልህ በትሕትና ጠይቅ፤ ምክንያቱን አትደብቅ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚቀበሉ የሒሳብ ድርጅቶች አሉ። ኦገስት መጨረሻ ላይ ተቆርጠህ እስከ ዲሴምበር ማንም ካልደወለ፣ ጃንዋሪ ላይ ከረባትህን አስረህ ትገባለህ። ከያዙህ ደግሞ የውድድር ዘመኑ ካለቀ በኋላ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ጊዜ አለህ። የሲፒኤ፣ የሒሳብ ባለሙያ ፈቃድ፣ ፈተና አራት ክፍል ነው፤ አንዱን ያኔ ተፈተን። እኔ ብሆን ለዚህ ነገር ሁለት በጋ እሰጠዋለሁ። ሁለት በጋ ሄዶ አንድ ሳምንት እንኳ ፕራክቲስ ስኳድ ላይ ካልዋልክ፣ ገበያው መልስ ሰጥቶሃል።

ከኤፕሪል ድራፍት በፊት አንድ ነገር አለ። ክለቦች በአካባቢያቸው ያደጉ ልጆችን ግቢያቸው ጠርተው የሚያዩበት ቀን አላቸው። ለአሌክሳንድሪያ ልጅ ቅርቡ ዋሽንግተን ኮማንደርስ ነው። ኤጀንትህ ስምህን እዚያ ማስገባቱን ጠይቀው።

ኤጀንቱም ራሱ ይጣራ። በተጫዋቾች ማኅበር የተመዘገበ መሆኑን ማኅበሩን ጠይቀህ አረጋግጥ። ከውልህ ከ3 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም። ለሥልጠና የሚያወጣልህ ገንዘብ ካለ፣ ክለብ ባታገኝ ትመልሳለህ ወይስ አትመልስም የሚለው በጽሑፍ ይስፈር። ለድርጅቱ የምትጽፈውን ኢሜይል ከመላክህ በፊት ረቂቁን ላክልኝ፤ አየዋለሁ።